ስለ ድቦች፣ ስለ ጢምና ስለ “-አዊ”

“ማንነት” የሚለውን ቃል ስንጽፍ እጃችን መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቃሉ በአገራችን ፖለቲካ ክልል አስከልሏል፣ ወረዳ አስከፍሏል፣ ኮሚቴ አስቋቁሟል፣ ሰው አስገድሏል። በመታወቂያ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ሆኖ ስንቱን መንገደኛ እንዳሳቀቀ የማያውቅ የለም። እኔም በሙያዬ ስለዚሁ ቃል ሳስተምር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር፣ ስለ ራሱ ማንነት የተጠየቀ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃ እንደሚሆን ነው። ስለ ሌላው ሲጠየቅ ግን፣ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ፣ ዳኛ መሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሌላው ልጽፍ ነው።

ርዕሰ ጉዳዩ ድቦች ናቸው። በጫካ የሚኖሩት አይደሉም፤ በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ቧንቧ የሚጠግኑ፣ አንዳንዶቹም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። በወንድ ጌዮች ዘንድ “ድብ” የሚባለው ሰውነቱ ገዘፍ ያለ፣ ደረቱና ክንዱ ፀጉር የለበሰ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ በውፍረቱም ሆነ በዕድሜው የማያፍር ሰው ነው። (“ጌይ” የሚለውን የባዕድ ቃል እንዳለ መውሰዴ ከስንፍና አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።)

አገራችን ድብ የላትም። ድብን የምናውቀው ከቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ዳዊት በእረኝነቱ አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ሲናገር፣ ወይም በኤልሳዕ መላጣነት ያፌዙትን ልጆች ሁለት ድቦች ሲቦጫጭቋቸው። (ከሰዎቹ “ድቦች” ብዙዎቹ ጢማም እንጂ ጠጉራም ራስ የሌላቸው መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ፈገግ ያሰኘኛል።) በካሊፎርኒያ ግን ድብ በግዛቲቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚራመድ እንስሳ ነው። የዚያ ድብ ዘር ከግዛቲቱ ከጠፋ መቶ ዓመት ያህል ቢሆነውም፣ በጨርቁ ላይ ግን አሁንም አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1970ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የካስትሮ ሰፈር አንድ የወንድ ምስል ነግሦ ነበር፤ ወጣት፣ ሸንቃጣ፣ ጡንቻው የጠነከረ፣ ሪዙ የተከረከመ፣ ጠባብ ጂንስ የለበሰ። ሁሉም አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚመስል “ክሎን” ይባሉ ነበር። ማርቲን ሌቪን የተባለው ሶሲዮሎጂስት፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1998 በታተመ መጽሐፉ ይህን ዓለም በዝርዝር አጥንቶታል። በ1979 ደግሞ “ዘ አድቮኬት” በተባለው መጽሔት ላይ ጆርጅ ማዜይ ጌዮችን በሰባት የእንስሳ ዓይነት የመደበ ቀልድ አዘል ጽሑፍ አወጣ። ድብ ከሰባቱ አንዱ ነበር። ቀልዱ በዚያው አላበቃም። በ1987 ሪቻርድ በልገርና ክሪስ ኔልሰን በዚያችው ከተማ “ቤር” የምትባል፣ በመጀመሪያ በፎቶ ኮፒ ማሽን የምትባዛ ትንሽ መጽሔት ጀመሩ። በ1989 ሎን ስታር ሳሉን የተባለው መጠጥ ቤት ተከፈተ፤ የዚያው ዓመት የጥቅምት የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሰውና በሌላ ጎዳና ላይ እንደገና ተሠራ። በ1995 ክሬግ በርንስ የድቦችን ባንዲራ አስተዋወቀ፤ ቀለማቱ ከጥቁር ቡናማ እስከ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ድረስ የዓለም ድቦችን ፀጉር የተከተሉ ናቸው። ባንዲራ ያለው ሕዝብ ደግሞ፣ እኛ እንደምናውቀው፣ ታሪክ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። እርሱም ተገኘ፤ ሌስ ራይት በ1997 እና በ2001 ሁለት የጥናት ቅጾችን አሰናድቶ አሳተመ።

የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ኦክላንድ ውስጥ ክፍል ያከራየኝ ሰው ከዚህ ትውልድ ነበር። ከመካከለኛው አሜሪካ የእርሻ መንደር በሃያ ሁለት ዓመቱ የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እጁ እንደ አካፋ ሰፊ፣ ጢሙ እንደ መነኩሴ። ወጥ ስሠራ ሽታው ወደ ፎቅ ሲደርሰው ሳህን ይዞ ይወርድ ነበር፤ እኔም እንደ አገሬ ልማድ አስቀምጬ አበላው ነበር። ገና በመጣ ሰሞን አንድ መጠጥ ቤት ሊገባ ሲል በር ላይ የቆመው ወጣት ከላይ እስከ ታች አይቶት “የጭነት መኪና ማቆሚያው በዚያ በኩል ነው” እንዳለው ነግሮኛል። “እቤቴ ስኖር ጌይ በመሆኔ ወንድ አልነበርኩም፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ ወንድ በመምሰሌ ጌይ አልሆንኩም” አለኝ። የመጽሔቷ አንድ ቅጂ እጁ የገባችው በ1988 ነው። በውስጧ ያሉት ሰዎች አጎቶቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ ራሱን ይመስሉ ነበር። ቅጂዋን በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከቧንቧ መፍቻው ሥር፣ ያስቀምጣት እንደነበር ሲነግረኝ አላፈረም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ስለ ዘመኑ ሳይነገር ስለ ውፍረቱ ብቻ ቢነገር ነገሩ የፋሽን ወሬ ይመስላል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል የሎስ አንጀለስ አምስት ወጣቶችን ሕመም የዘገበው ሰኔ 5 ቀን 1981 ነው። በሽታውን የሚገታው የመድኃኒት ጥምረት የተገኘው በ1996 ነው። በእነዚህ አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በካስትሮ ጎዳና ላይ መክሳት ማለት መሞት ማለት ነበር። ጉንጩ የጎደለ፣ ሱሪው የሰፋው ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ሌስ ራይትና ሌሎችም እንደሚሉት፣ የወፈረ፣ የፈረጠመ፣ ፀጉሩ ያልረገፈ ሰውነት ተፈላጊ የሆነው ይህ ሁሉ ሲሆን ነው። ሥጋ ያለው ሰው ነገም ይኖራል ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

ይህን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። “ወፈርክ፣ አማረብህ” የምንል ሕዝብ ነን። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደግሞ “ከሳ” የሚለው ቃል በሐሜት ቋንቋ ምን ማለት እንደነበር የማያስታውስ በዕድሜዬ ያለ ሰው አይገኝም። ሰው ጉንፋን ይዞት ሁለት ኪሎ ከቀነሰ ከቢሮ ለመቅረት ይፈራ ነበር። አከራዬ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ቀብር መቆሙን ሲነግረኝ፣ እኔም የሰፈሬን የእድር ድንኳን አስታወስኩ፤ ከአንዱ ለቅሶ ተነቅሎ ወደሚቀጥለው ሲሄድ እንኳ ሳይደርቅ የሚታጠፈውን። በሁለታችን መካከል ያለው ውቅያኖስ ያን ዕለት ማታ ጠቦ ነበር።

እንግዲህ ከአንድ ሻጋታ የሸሹ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ሌላ ሻጋታ ይሠራሉ። በ1989 ሁለት ሰዎች፣ ቦብ ዶናሂውና ጄፍ ስቶነር፣ የከዋክብትና የጋላክሲዎችን አመዳደብ አምሳያ አድርገው የድብ መለያ ኮድ አወጡ፤ ጢም ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ከዚያም ለፀጉሩ ብዛት፣ ለውፍረቱ፣ ለጠባዩ ልዩ ልዩ ፊደል። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም። ወጣቱ ድብ “ግልገል” ተባለ፣ ፀጉራም ሆኖ ቀጭኑ “ኦተር”፣ ፈርጠም ያለው “ተኩላ”። የቁንጅና ውድድር መጣ፣ አሸናፊና ተሸናፊ መጣ፣ “እውነተኛ ድብ ማን ነው?” የሚል ክርክር መጣ። አንባቢ ሆይ፤ ክርክሩ ከየት እንደሚታወቅህ ራስህ ታውቃለህ። የአንድን ብሔረሰብ “ንጹሕ” ቀበሌኛ ፍለጋ የሚዞር ምሁር ከዚህ ኮድ ጋር ቢገናኝ ወንድሙን ያገኘ ይመስለዋል።

ትችቱ ከውስጥ ነው የተነሣው፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ኤሪክ ሮፍስ ራሱ ድብ ነኝ የሚል ምሁር ሆኖ ሳለ፣ በ1997ቱ ቅጽ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ጥያቄ አስቀመጠ፤ ባለ ዲግሪው፣ ቢሮ የሚውለው የመካከለኛ መደብ ሰው የእንጨት ቆራጭ ሸሚዝ ለብሶ የሠራተኛውን ሰውነት ሲመኝ በትክክል የሚመኘው ምንድን ነው? (አከራዬ ይህን ሳነብለት በጣም ሳቀ። “እኔ ሸሚዙን የምለብሰው ስለሚበርደኝ ነው” አለ።) ፒተር ሄነን ደግሞ በ2005 ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን ወደ ወንድነት ወሰደው። በእርሱ አመለካከት ድቦቹ “እኛ ጌይ ብንሆንም ሴታሴት አይደለንም” ሲሉ ለራሳቸው ቦታ የሚያስለቅቁት ሴታሴት የሚባለውን ወንድምቻቸውን ገፍተው ነው፤ ከወንድነት ዙፋን ፊት ይሰግዳሉ እንጂ ዙፋኑን አይነቀንቁም። በዚያው ጥናቱ ግን ሌላም ነገር መዝግቧል፤ መተቃቀፍን፣ መደጋገፍን፣ ሳይቸኩሉ መነካካትን። እኔ ከሄነን ይልቅ ወደዚህ ሁለተኛው ምስክርነቱ አዘነብላለሁ። “ወንድ ነው!” ማለት “ጨካኝ ነው፣ አያለቅስም” ማለት በሆነበት ቋንቋ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ጢማም ሰው የታመመ ጓደኛውን እግር ሲያጥብ ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሰፊው ክርክር። እነዚህ ስሞች ሰውን ያገኙታል ወይስ ይፈጥሩታል? “ሆሞሴክሹዋል” የሚለውን ቃል በ1869 በኅትመት ያወጣው የሕክምና ሰው አልነበረም፤ ካርል ማሪያ ኬርትቤኒ የሚባል ጸሐፊ ነው። ያወጣውም ድርጊቱን በእስር የሚቀጣውን የፕሩሲያ ሕግ በመቃወም በጻፈው በራሪ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ቃሉን በኋላ ወስደው የበሽታ ስም አደረጉት፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው። ሜሪ ማክኢንቶሽ በ1968፣ ሚሼል ፉኮ በ1976 ያነሡት ነጥብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቀድሞ የሚወገዝ ድርጊት ነበረ፣ በኋላ ግን አንድ ዓይነት ሰው ተፈጠረ። ጆን ዴሚልዮ በ1983 ምክንያቱን ከደመወዝ ጋር አያያዘው፤ ሰው ከቤተሰብ እርሻ ወጥቶ በራሱ ደመወዝ ክፍል ሲከራይ ነው ምኞቱ ኑሮ ሊሆን የሚችለው። የአከራዬን የሕይወት ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል።

ይህን የፉኮ ነጥብ ተማሪዎቼ እንዲረዱት በእንግሊዝኛ ብዙ መድከም ይጠይቀኛል። በአማርኛ ግን አንዲት ቅጥያ ትበቃለች። “ግብረ ሰዶም” ማለት የሰዶም ሥራ ማለት ነው፤ ግብር ድርጊት ነው። ማንኛውም ኃጢአተኛ ሊሠራው፣ ሊናዘዘው፣ ንስሐ ሊገባበት የሚችል ነገር ነው። በዚህ ላይ “-አዊ” ሲጨመር “ግብረ ሰዶማዊ” ይሆናል። ይህች “-አዊ” ግን ተራ ቅጥያ አይደለችም። ኢትዮጵያዊ፣ ሮማዊ፣ ግብጻዊ የምንልባት፣ አገርና ዘር የምትሰጥ ቅጥያ ናት። በአንድ ፊደልና ተኩል ድርጊቱ ወደ ዜግነት ተለወጠ፤ ሰውየውም በእሳት የጠፋች ከተማ ተወላጅ ሆነ። ቃሉን በዚህ ጽሑፍ ያልተጠቀምኩበት ምክንያት ይኸው ነው። የሰውን የትውልድ አገር ሰዶም ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ስለ እርሱ በገለልተኝነት ልከራከር አልችልም።

ሕጋችን ግን አሁንም በድርጊቱ ዘንድ ነው ያለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። ከእርሱ በፊት የ1949 ዓ.ም.ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ነበረ። የዚያን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ የሕግ ሊቅ ናቸው፤ የገዛ አገራቸው ግን በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመውን ይህንኑ ድርጊት መቅጣት ከ1942 ጀምሮ ትቶ ነበር። “ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው” የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህችን ማስታወስ ይጠቅማል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመራቸውን ሲያስታውቁ ግን በሕጉ ውስጥ ያለችው ድርጊት ተረሳች፤ ጠቁሙ የተባለው ሕዝብ ሰው ነበር የሚፈልገው።

“ከውጭ የመጣ” የሚለው ክርክር በምሁራን ዘንድ አንድ ብርቱ ደጋፊ አግኝቷል። ጆሴፍ ማሳድ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ የምዕራቡ ዓለም ድርጅቶች “ጌይ” የሚለውን ማንነት ወደ ዐረቡ ዓለም እንደላኩት፣ ስምም ስለሰጡት ከዚያ በፊት ያልነበረ አሳዳጅ እንደቀሰቀሱበት ተከራክሯል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። በአዲስ አበባ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። ወንድማማች ባይሆኑም በአንድ አልጋ ያድራሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚመለሱ ወጣቶች ይህን ለማድረግ ሲሳቀቁ አያለሁ። ስሙ ሲመጣ እጅ ለእጅ መያያዛችንን ይዞብን ሄዷል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ “እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ አልነበረም” ወደሚለው መዝለል የክርክር ጉድለት ነው። ድብ የሚባለው ማንነት ለማንኛውም ሰው ባዕድ ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ውጭ ለተወለደ አሜሪካዊም ጭምር። የመጣው በመጽሔትና በፖስታ ነው። ምኞት ግን ፖስታ አይጠብቅም። የአከራዬ መንደር “ድብ” የሚለውን ቃል ከመስማቷ በፊት አከራዬ በውስጧ ነበር፤ በዚያም ነበር የጨነቀው።

የኤድስ ተመራማሪዎች ከዚህ ጣጣ ለማምለጥ “ከወንዶች ጋር ግብረ ሥጋ የሚፈጽሙ ወንዶች” የሚል ረጅም ሐረግ አበጁ። ስም እንዳይሆን፣ ድርጊት ብቻ እንዲሆን። ርቤካ ያንግና ኢላን ማየር በ2005 እንዳመለከቱት ግን፣ ሐረጉ ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበትን፣ የሚዋደዱበትንና የሚረዳዱበትን ሁሉ ሰርዞ አልጋውን ብቻ አስቀረ። አሥራ አንድ ቀብር የቆመን ሰው በዚህ ሐረግ መግለጽ ይቻላል? በእኔ በኩል አይቻልም።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ ነው። ገዘፍ ያለ፣ ጢሙን ያሳደገ ልጅ ነው። በሩን ዘጋና “ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመጣሁት ለትምህርት ጉዳይ አይደለም” አለ። “ለእናቴ ልነግራት ነው። በአማርኛ ምን ብዬ ነው የምነግራት?”

ጥያቄው የቃላት ጥያቄ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለእርሱ ያለቀ ነገር ነው። እናቱ እንግሊዝኛ የምታውቀው ለሥራዋ ያህል ነው። እርሱ ደግሞ አማርኛውን የተማረው ከእርሷ ስለሆነ፣ እርሷ ያላስተማረችው ቃል የለውም። መዝገበ ቃላት ገልጦ ሰዶምን አገኘ። “ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ” የሚለውንም አገኘ። “ይሄኛው የዜና ይመስላል” አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም እናት ልጇ እንደ ዜና አንባቢ እንዲያናግራት አትፈልግም። “ጌይ” ቢላት ደግሞ ቃሉን የምታውቀው ከሐሜትና ከስብከት ነው። “ድብ” ቢላትማ!

ጥቂት ዝም ብዬ አሰብኩ። ከዚያም “የምትወደው ሰው አለ?” አልኩት። አለ አለኝ። “ስም አለው?” አለው አለኝ። “እንግዲያስ ስለ አንተ ስም ከምትፈልግ፣ የእርሱን ስም ንገራት” አልኩት። ትክክለኛ ምክር መሆኑን ዛሬም በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ነገር ግን በአማርኛ ያለን ይኸው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ነግሯታል። “እማዬ፣ የምወደው ሰው አለ፣ ወንድ ነው” ብሎ፣ ስሙንም ጨምሮ። እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ሌላ ማን ያውቃል?” ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እድር አለ፣ አገር ቤት ያሉት እኅቶቿ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አላነሣችውም፣ ስሙንም ጠርታ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንደ ወትሮው ትደውላለች። ትምህርቱን ትጠይቀዋለች፣ መብላት አለመብላቱን ትጠይቀዋለች፣ በመጨረሻም “ያንን ጢም ተላጭ፤ ማን ሞቶብህ ነው?” ትለዋለች። በዚህ በኩል አቋሟ ቅንጣት ታህል አልተለወጠም።